ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ፦ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቋንቋ ስሕተቶች ምንጭና የማስተማር አንድምታቸው

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሩሲያኛ የሆነና ከቋንቋ ውጪ ባሉ የትምህርት ክፍሎች፣ ለምሳሌ በምህንድስና፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በኢኮኖሚክስ፣ ገብተው የሚማሩ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ ደጋግመው የሚፈጽሟቸውን ስሕተቶች ከምንጫቸው አንጻር ይመረምራል። ዘዴው ንጽጽራዊ ትንተና ነው። የሁለቱ ቋንቋዎች ሥነ ድምፅ፣ ሰዋስውና ቃላት ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ አንባቢም ልዩነቱን በቅርቡ እንዲመዝነው አማርኛ እንደ ሦስተኛ ማነጻጸሪያ ይገባል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ አብዛኛው የዚህ ተማሪ ስሕተት የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተደራጀ ዕውቀት ውጤት መሆኑና መምህሩ ስሕተቱን በምንጩ ካልለየው እርማቱ ፍሬ የማያፈራ መሆኑ ነው። ሆኖም ከአፍ መፍቻ ቋንቋ የማይመነጩ ስሕተቶችም ስላሉ ንጽጽሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይታያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሩሲያኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ንጽጽራዊ ትንተና፣ የቋንቋ ሽግግር፣ የስሕተት ትንተና፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ

1. መግቢያ

በሩሲያ ትምህርት ቤቶች የውጭ ቋንቋ ትምህርት ከ2ኛ ክፍል ይጀምራል፤ አብዛኛው ተማሪ የሚማረውም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ለቋንቋው እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ በሚሰጠው የተዋሐደ የመንግሥት ፈተና ለሁሉም ግዴታ የሆኑት ሩሲያኛና ሒሳብ ናቸው፤ የውጭ ቋንቋ በምርጫ የሚወሰድ ነው። ምህንድስና ለመማር የሚያስብ ተማሪ የመጨረሻ ዓመታቱን ጉልበት በፊዚክስና በሒሳብ ላይ ማዋሉ ተፈጥሯዊ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ የአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለፈተናው ብሎ በብርቱ የተዘጋጀና ከዓመታት በፊት መማሪያ መጽሐፉን የዘጋ ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው መለያ የቋንቋው ቦታ ነው። በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ማስተላለፊያ ቋንቋ ነው፤ ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። የሩሲያው ተማሪ ግን ከመጀመሪያ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የሳይንስ ዕውቀቱን የሚገነባው በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት የሚገናኘው አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። ይህ ለዕውቀቱ ጥራት ታላቅ ጥቅም አለው፤ ለእንግሊዝኛው ግን ልምምድ ያሳጣዋል።

ጉዳዩ የሚያሳስበው ውጤቱ ከክፍል ስለሚያልፍ ነው። ዛሬ በየሙያው የሚወጣው የምርምር ጽሑፍ በብዛት የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ “ደካማ” የሚል ስያሜ ተለጥፎበት ቋንቋውን ከሸሸ፣ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ሥራውን ለዓለም የሚያቀርብበት በር ይጠብበታል። ስለዚህ “ይህ ተማሪ ለምን ይሳሳታል?” የሚለው ጥያቄ ከሰዋስው በላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራ፣ ተማሪ በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ ከራሱ ቋንቋ ጋር የሚመሳሰለውን በቀላሉ፣ የሚለየውን በችግር እንደሚማር አስረዳ። ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው፤ ስሕተት ተማሪው በአእምሮው እየገነባ ያለውን ሥርዓት የሚያሳይ ማስረጃ እንጂ መደምሰስ ያለበት እንከን ብቻ አይደለም አለ። ላሪ ሴሊንከር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1972 ተማሪው የሚናገረው ቋንቋ አፍ መፍቻውንም የሚማረውንም ያልሆነ፣ የራሱ ሕግ ያለው “መሀል ቋንቋ” መሆኑን ገለጸ።

በሩሲያ ምድር ግን ነገሩ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው “አስተሳሰብና ንግግር” በተሰኘው ሥራው፣ ሕፃን አፍ መፍቻውን ሳያውቀው ተናግሮ በኋላ ሕጉን እንደሚረዳ፣ የውጭ ቋንቋ ተማሪ ግን ከሕጉ ተነሥቶ ወደ ድንገተኛ ንግግር እንደሚሄድ አመለከተ። መንገዶቹ ተቃራኒ ቢሆኑም ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይደገፋል። የቋንቋ ሊቁ ሌቭ ሽቼርባም አፍ መፍቻ ቋንቋን ከመማሪያ ክፍል ማባረር ቢቻል እንኳ ከተማሪው ጭንቅላት ማስወጣት አይቻልም የሚል አቋም ነበረው። ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱን ቋንቋዎች አውቆና አስተውሎ ማነጻጸር ነው። የሚከተለው ትንተና በዚህ አቋም ላይ ይቆማል።

3. ንጽጽራዊ ትንተና

3.1 ፊደልና ድምፅ

የፊደሉ ችግር ትንሽና ጊዜያዊ ነው። የሩሲያኛ ፊደላት አንዳንዶቹ በመልክ ላቲን በድምፅ ሌላ ናቸው፤ በመልኩ ላቲኑን “ፒ” የሚመስለው ፊደል “ር” ተብሎ፣ “ኤች” የሚመስለው “ን” ተብሎ ይነበባል። በእጅ ጽሑፍም የሩሲያኛው “ት” ከላቲኑ “ኤም” ጋር ይመሳሰላል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን ከልጅነቱ ስላለፈው ዕንቅፋት የሚሆንበት በድካም ጊዜ ብቻ ነው።

ድምፁ ግን ሥር አለው። በሩሲያኛ በቃል መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነዛሪ ተነባቢ ነዛሪነቱን ያጣል፤ ዓመት ማለት የሆነው “ጎድ” በጽሑፍ በ“ድ” ቢያልቅም ሲነገር “ጎት” ነው። ተማሪው ይህን ሕግ ሳያስበው ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግረው ቦርሳ የነበረው “ባግ” ጀርባ ወደሆነው “ባክ” ይለወጣል። አማርኛ ተናጋሪ “ልጅ” ወይም “ሆድ” ሲል የመጨረሻውን ድምፅ ስለሚጠብቅ ይህ ችግር አይገጥመውም። ሩሲያኛ ከንፈርን አሞጥሙጦ የሚነገረው “ው” የለውም፤ “ቭ” ብቻ አለው። ስለዚህ የወይን ጠጅ “ዋይን” እና የወይን ሐረግ “ቫይን” በተማሪው አፍ አንድ ይሆናሉ። ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ ደግሞ በሩሲያኛም በአማርኛም የለም፤ የሩሲያው ተማሪ በ“ስ” ወይም በ“ዝ” ሲተካው “አስባለሁ” ያለው “እሰጥማለሁ” ሆኖ ይሰማል። በአናባቢ በኩል መርከብና በግ የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለዩት በአናባቢው ርዝመትና ጥብቀት ነው፤ ሩሲያኛ ቃላትን በዚህ መንገድ ስለማይለይ ጆሮው ልዩነቱን ለመስማት አልሠለጠነም።

3.2 አርቲክል

ሩሲያኛ አርቲክል የለውም። ይህ ማለት ግን የታወቀውንና ያልታወቀውን ነገር አይለይም ማለት አይደለም፤ የሚለየው በቃላት አቀማመጥ ነው። “ስቱዴንት ቮሾል ቭ ኮምናቱ” የሚለው ዐረፍተ ነገር በተለመደው ዜማ ሲነገር “ተማሪው ወደ ክፍሉ ገባ” ማለት ነው። ባለቤቱ ወደ መጨረሻ ተወስዶ “ቭ ኮምናቱ ቮሾል ስቱዴንት” ሲባል ግን “ወደ ክፍሉ አንድ ተማሪ ገባ” የሚል ስሜት ይሰጣል። አማርኛ ይህንኑ ልዩነት “ተማሪ” እና “ተማሪው” በማለት በምዕላድ ይገልጻል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከስሙ በፊት በሚቆሙ “ኤ” እና “ዘ” በሚባሉ ቃላት።

እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪ ቦታውን ብቻ ይቀይራል፤ ከስሙ በኋላ ይለጥፈው የነበረውን ከስሙ በፊት ያስቀምጣል። የሩሲያኛ ተናጋሪ ግን በአቀማመጥ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለአዲስ የቃል ክፍል ማስረከብ አለበት። የመጀመሪያው ስሕተቱ አርቲክሉን መተው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ አስተማሪው ያላግባብ መጨመር ነው። ታንያ ኢዮኒን፣ ሂጁንግ ኮ እና ኬኔት ዌክስለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት የሩሲያኛና የኮሪያኛ ተናጋሪዎች አንዱን አርቲክል በሌላው የሚተኩት በዘፈቀደ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ተናጋሪው በልቡ የያዘውና አድማጩ ግን የማያውቀው ነገር ሲሆን ወደ “ዘ” ያዘነብላሉ። ለምሳሌ “አንድ መጽሐፍ ልገዛ ነው፤ ደራሲው መምህሬ ነው” በሚለው ውስጥ መጽሐፉ ለተናጋሪው የተለየ ነው፤ ለአድማጩ ግን አዲስ ነው። እንግሊዝኛ የሚመዝነው በአድማጩ ዕውቀት ሲሆን ተማሪው የሚመዝነው በራሱ ነው። ስሕተቱ ሥርዓት አለው ማለት ነው። ሥርዓት ያለው ስሕተት ደግሞ በማብራሪያ ሊታረም ይችላል።

3.3 “መሆን” የሚለው ግስ

በሩሲያኛ የአሁን ጊዜ ዐረፍተ ነገር “ነኝ፣ ነህ፣ ነው” የሚል ማሰሪያ አይነገርም። “ያ ስቱዴንት” ማለት “እኔ ተማሪ” ብሎ እንደ ማቆም ነው፤ ለሩሲያኛ ጆሮ ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ጀማሪው በእንግሊዝኛም ማሰሪያውን ይተዋል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን ደረጃ በአብዛኛው አልፎታል፤ እርሱ የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። “እስማማለሁ” ለማለት ሩሲያኛ ግስ ሳይሆን ቅጽል ይጠቀማል፤ “ያ ሳግላሴን”። ተማሪው በእንግሊዝኛ ቅጽል ማሰሪያ እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ተምሯል። ስለዚህ “አይ ኤም አግሪ” ይላል። ይህ ሰነፍ ተማሪ የሚሠራው ስሕተት አይደለም። የእንግሊዝኛውን ሕግ በትክክል አውቆ በሩሲያኛው የቃል ክፍል ላይ የተገበረ ሰው ሥራ ነው። መምህሩ “ማሰሪያውን አውጣው” ብቻ ቢለው ተማሪው የያዘውን ትክክለኛ ሕግ ይጠራጠራል፤ “ቃሉ በእንግሊዝኛ ግስ ነው” ቢለው ግን ሕጉን ሳያፈርስ ስሕተቱን ያርማል።

3.4 ጊዜና የድርጊት ፍጻሜ

የሩሲያኛ ግሶች በአብዛኛው በጥንድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ድርጊቱን በሂደቱ ወይም በድግግሞሹ፣ ሌላው በፍጻሜው ያያል። “ያ ቺታል” የሚለው ሂደቱን ሲገልጽ “ያ ፕራቺታል” አንብቦ መጨረስን ያመለክታል። የኀላፊ ጊዜ ቅርጽ ከዚህ በላይ አይከፋፈልም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን “ያ ቺታል” እንደ ዐውዱ “እያነበብኩ ነበር”፣ “አነብ ነበር”፣ “አነበብኩ” እና “አንብቤያለሁ” ለሚሉት አቻ በሆኑ የተለያዩ ቅርጾች ይበትነዋል። አማርኛ ለእነዚህ የየራሱ ቅርጽ ስላለው፣ በተለይ “አንብቤያለሁ” ለእንግሊዝኛው ባለ ረዳት ግስ ቅርጽ ቀረብ ስለሚል፣ ለተናጋሪው ድልድይ ይሆነዋል። የሩሲያው ተማሪ ድልድዩን ሲፈልግ የሚያገኘው የፍጻሜውን ግስ ነው፤ “ያለቀ ድርጊት” የሚለውን ከእንግሊዝኛው ቅርጽ ጋር ያመሳስለውና “ትናንት” ከሚል የጊዜ ቃል ጋር ጭምር ይጠቀምበታል። እንግሊዝኛ ግን ያ ቅርጽ ከአሁን ጋር የሚያያዝ በመሆኑ ከ“ትናንት” ጋር አያስማማውም። በሌላ በኩል “እዚህ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ” ለማለት ሩሲያኛ የአሁን ጊዜ ስለሚጠቀም፣ እንግሊዝኛው የግድ የሚፈልገው ይኸው ቅርጽ በተማሪው ጽሑፍ ውስጥ ይጎድላል።

3.5 የቃላት ቅደም ተከተል

ሽቼርባ ለተማሪዎቹ ሥሮቻቸው ሁሉ የተፈጠሩና ትርጉም የለሽ፣ ምዕላዶቻቸው ግን እውነተኛ ሩሲያኛ የሆኑ ቃላትን ደርድሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ሠርቶላቸው ነበር። አድማጭ ማን ምን እንደ ሆነ ባያውቅም ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደ ሆነ ይለያል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሩሲያኛ ሙያን የሚናገረው የቃሉ መጨረሻ ነው። “ፕሮፌሶራ ቪዲት ስቱዴንት” ሲባል ፕሮፌሰሩ ቢቀድምም የሚያየው ተማሪው ነው። አማርኛም በ“ን” ምክንያት “ፕሮፌሰሩን ተማሪው አየው” ማለት ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ይህን መሣሪያ በስሞች ላይ ስለማይጠቀም ቦታ ሲለወጥ አድራጊና ተደራጊ ይለዋወጣሉ። ተማሪው ለአጽንዖት ብሎ ቃል ሲያዘዋውር ሳያስበው መልእክቱን ይገለብጣል።

ለሳይንስ ተማሪ ከዚህ የከበደው የስሞች ድርድር ነው። “የውኃ ግፊት መቆጣጠሪያ” በእንግሊዝኛ “ወተር ፕሬሸር ሬጉሌተር” ነው፤ የሁለቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው፣ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይቆማል። ሩሲያኛ ግን “ሬጉሊያቶር ዳቭሌኒያ ቮዲ” ይላል፤ ዋናው ስም ቀዳሚ ነው። የሩሲያው ተማሪ ሦስትና አራት ስሞች የተደረደሩበትን የእንግሊዝኛ ሐረግ ለመረዳት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መመለስ አለበት። የቴክኒክ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ሐረግ የተሞላ በመሆኑ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያውቅ ተማሪ ሐረጉን ሳይረዳው የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከሩሲያው ይልቅ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል።

3.6 መልካቸው አንድ፣ ፍቺያቸው ሁለት የሆኑ ቃላት

ሩሲያኛና እንግሊዝኛ ከላቲን፣ ከግሪክና ከፈረንሳይኛ የወሰዷቸው ብዙ ቃላት አሏቸው። ይህ ለሳይንስ ተማሪ ስንቅ ነው፤ ወጥመድም ነው። “ፋሚሊያ” በሩሲያኛ የቤተሰብ ስም እንጂ ቤተሰብ አይደለም። “አኩራትኒ” ጥንቁቅና ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ የእንግሊዝኛው መሰሉ ግን የመለኪያ ትክክለኛነትን ይናገራል። “ማጋዚን” በሩሲያኛ ሱቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚታወቀው በመጽሔትነቱ ነው። የአማርኛው “መጋዘን” ደግሞ የዕቃ ማከማቻ ነው። ሦስቱም ማከማቻ ቤት ከሚል አንድ የዐረብኛ ቃል የሚነሡ ሲሆኑ፣ በየደረሱበት ቋንቋ የተለያየ ኑሮ ኖረዋል።

ለድኅረ ምረቃ አንባቢ በጣም የሚጠቅመው ምሳሌ “አክቱዋልኖስት” ነው። በሩሲያ የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ውስጥ የርእሱን ወቅታዊነትና አስፈላጊነት የሚገልጽ ክፍል በዚህ ቃል ይሰየማል። ተማሪው አኅጽሮቱን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ መሰሉን ቃል ይወስድና የርእሱን “እውን መሆን” የሚናገር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። በአንደኛ ዓመት ያልታረመ ቃል ከዓመታት በኋላ በምርምር ጽሑፍ መግቢያ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

3.7 ትሕትና

ሩሲያኛ እንደ አማርኛ “አንተ” እና “እርስዎ” ይለያል። አክብሮቱ በተውላጠ ስሙና በግሱ ስለሚታይ፣ “እባክዎ” የሚል ቃል የታከለበት ትእዛዝ አንቀጽ በቂ ትሕትና አለው። የእንግሊዝኛ ሁለተኛ መደብ አንድ ነው፤ ትሕትናውን የሚሸከመው “ይችሉ ይሆን?” በሚል ዓይነት የተዘዋዋረ ጥያቄ ነው። ተማሪው ለመምህሩ በእንግሊዝኛ “እባክዎ ጽሑፌን ያንብቡልኝ” ብሎ በቀጥታ ሲጽፍ በራሱ ሚዛን ትሑት፣ በተቀባዩ ሚዛን አዛዥ ይሆናል። ይህ ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው እንደ ቋንቋ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጠባይ ጉድለት መቆጠሩ ነው።

4. ከአፍ መፍቻ ቋንቋ የማይመነጩ ስሕተቶች

ሁሉን ነገር በሩሲያኛ ማመካኘት ስሕተት ይሆናል። እንግሊዝኛ በአሁን ጊዜ ለነጠላ ሦስተኛ መደብ በግሱ መጨረሻ “ስ” ይጨምራል። የሩሲያኛ ግስ በአሁን ጊዜ ለስድስቱም የመደብና የቁጥር ቅርጾች የየራሱ መጨረሻ አለው። እንግዲህ ይህን ያህል ምዕላድ የለመደ ተማሪ አንዷን “ስ” እንዴት ይረሳል? ሆኖም ይረሳል፤ የሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ተናጋሪዎችም እንዲሁ። ምክንያቱ በእንግሊዝኛው በራሱ ውስጥ ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ ስለተነገረ “ስ” የምትጨምረው ትርጉም የለም፤ አምስቱ ቅርጾች ባዶ ሆነው አንዷ ብቻ መለየቷም ለመርሳት ያመቻል። የላዶን አመለካከት የተቹ አጥኚዎች ያነሡት ነጥብ ይኸው ነበር። ልዩነት ሁልጊዜ ችግር አይወልድም፤ ችግርም ሁልጊዜ ከልዩነት አይወለድም።

ከዚህ በመነሣት የዚህን ተማሪ ስሕተቶች በሦስት መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ከሩሲያኛ በቀጥታ የተሻገሩ ናቸው፤ እንደ ቃል መጨረሻ ድምፅና እንደ አርቲክል መተው። ሁለተኛዎቹ ትክክለኛ የእንግሊዝኛ ሕግ በሩሲያኛ ምድብ ላይ ሲውል የሚፈጠሩ ናቸው፤ እንደ “አይ ኤም አግሪ”። ሦስተኛዎቹ ከእንግሊዝኛው ጠባይ የሚመነጩና የማንኛውም ተማሪ የሆኑ ናቸው፤ እንደ “ስ” መርሳት።

5. የማስተማር አንድምታ

ይህ ምደባ በእርማት ሥራ ላይ ለውጥ ያመጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት ንጽጽር ይፈልጋል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ከሚደረግ ረጅም ገለጻ ይልቅ ጊዜ ይቆጥባል። ሁለተኛው ዓይነት ምስጋናና ማስተካከያ አብረው ይፈልጋል፤ ተማሪው የያዘው ሕግ ትክክል መሆኑ ሳይነገረው ስሕተቱ ብቻ ከተቀላ ተስፋ ይቆርጣል። ሦስተኛው ዓይነት ልምምድንና ጊዜን እንጂ ማብራሪያን አይጠይቅም፤ ሕጉን ተማሪው ያውቀዋልና።

ቅደም ተከተልም ያስፈልጋል። የአንደኛ ዓመት የሰዓት ድርሻ ጥቂት በመሆኑ ትርጉም የሚያዛባው ስሕተት ጆሮ ከሚያስቀይመው መቅደም አለበት። የስም ድርድር፣ የአድራጊና የተደራጊ ቦታ፣ አሳሳች መሰል ቃላትና የጥያቄ አቀራረብ በዚህ መለኪያ ፊተኞች ናቸው፤ በጥርሶች መካከል የሚወጣው ድምፅ ኋለኛ ሊሆን ይችላል። የንባብ ጽሑፉም ከተማሪው የሙያ መስክ ቢመረጥ፣ በሩሲያኛ ያካበተው የሳይንስ ዕውቀት ለእንግሊዝኛው ደጋፊ ይሆናል። ይዘቱን የሚያውቅ አንባቢ ቋንቋውን ለመገመት ኃይል ያገኛል።

6. ማጠቃለያ

የሩሲያኛ ተናጋሪው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ባዶ እጁን አይገባም። ሙሉ የሰዋስው ሥርዓት፣ በትምህርት የዳበረ አስተሳሰብና የትምህርት ቤት ዓመታት ትዝታ ይዞ ይገባል። ስሕተቶቹ የዚህ ንብረት አሻራዎች ናቸው። ከአማርኛ ጋር የተደረገው ንጽጽር እንዳመለከተው፣ ለአንዱ ቋንቋ ተናጋሪ ዳገት የሆነው ለሌላው ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ አርቲክል ለሩሲያው ከባድ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀለል ያለ ነው፤ የድርጊት ተቀባይን በምዕላድ ማመልከት ግን ሁለቱን ያዛምዳቸዋል። ስለዚህ ለሁሉም አገር ተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ አንድ መማሪያ መጽሐፍ የማንንም ተማሪ ችግር በልኩ አይመልስም። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ላይ ተመሳሳይ ምደባ ማካሄድ፣ በተለይም ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና ሲዳምኛ ተናጋሪ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በአንድ ክፍል የሚሳሳቱትን በምንጩ መለየት፣ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ተገቢና ጠቃሚ የጥናት መስክ ነው።